የሮብዓም ቀንበርና የቦሩ ሜዳ አዋጅ

እስራኤል ሮብዓምን ሊያነግሥ ወደ ሴኬም መጥቶ የለመነው አንድ ነገር ነበር፦ ሰሎሞን የጫነበት ቀንበር እንዲቀልለት (1ኛ ነገ. 12)። ንጉሡ ሦስት ቀን ቀጠረ፤ የሽማግሌዎችን ምክር ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ። ዐሥሩ ነገድ ተለየው፤ የላከው አስገባሪ አዶኒራምም በድንጋይ ተወግሮ ሞተ።

በወሎ ለምናገለግል ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የአገሩን አንድነት በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት፣ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ፣ አለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ በቦሩ ሜዳ ወሰኑ። ግዳጁ ወደ ሕዝቡም ወረደ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ግን ዐመፁ። ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። መንግሥቱ እንደ እስራኤል ለሁለት ባይከፈልም የሰው ልብ ተከፈለ።

ዛሬ በሰንበቴና በከሚሴ ወንጌልን ይዘን ወደ ሙስሊም ጎረቤታችን ስንሄድ ያ ትዝታ ቀድሞን ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሮብዓም የናቀው ምክር ለመጋቢም ነው፦ አስቀድሞ ሕዝቡን ማገልገል፣ በመልካም ቃልም መመለስ። የክርስቶስን ቀንበር ሰው ተጠርቶ ይሸከመዋል፤ በአዋጅ አይጫንም።