መሃል ያለው ሲኒ

ሐረርጌ ውስጥ፣ መሰላ ያደገ ልጅ ኳስ የሚማረው ዳገት ላይ ነው። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ሲነሣ ማሳው ሜዳችን ይሆናል፤ ከካልሲ የሰፋናት ኳስ አንዴ ካመለጠች ደግሞ ቁልቁል ተንከባላ የሰው ጫት ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ እኛ ዘንድ አስተዋዩ ልጅ ፊት አይሰለፍም። ከአጥቂዎቹ ኋላ ቆሞ ኳሷ ወዴት ልትሄድ እንደሆነ ቀድሞ ያያል፣ መንገድ ላይ ይቆርጣታል። እኔም እዚያ ቦታ ተጫውቻለሁ። «ሀፍ» እንደሚባል የነገረኝ አጎቴ ነው።

አጎቴ በወጣትነቱ ቡና በአህያ ጭኖ ሚኤሶ ወርዶ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ ገብቶ፣ ጥጥ ፋብሪካ ተቀጥሮ የቀረ ሰው ነው። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ኳሷም እንደ ከተማዋ የሠራተኛ ኳስ ነበር። ሲሚንቶ ፋብሪካው የራሱ ቡድን ነበረው። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን፣ ሰዉ «ጥጥ ማኅበር» ወይም «ኮተን» የሚለው፣ በ1950ዎቹ የአዲስ አበባንና የአሥመራን ክለቦች አልፎ ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። የብሔራዊ ቡድኑ አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ከአሥመራ መጥቶ የተሰለፈው ለዚህ ቡድን ነው።

ጡረታ ወጥቶ መሰላ ሲመለስ አጎቴ ታሪኩን የሚያወራው በሲኒ ነበር። እናቴ ሆጃ፣ የአገራችንን የቡና መጠጥ፣ አፍልታ ስታቀርብ ረከቦቱን ወደ ራሱ ይስብና አምስት ሲኒ ፊት፣ ሦስት መሃል፣ ሁለት ኋላ ይደረድራል። ለበረኛው የስኳር ዕቃውን ያቆማል። ከመሃሉ ሦስት አንዱ፣ ጆሮው የተሸረፈው፣ ሁልጊዜ ሉቻኖ ነው። «አቦ፣ ፊት ያሉትን ተዋቸው!» ይለኛል። «እነሱ የሚሮጡት ይሄ ሲያዛቸው ነው።» ከዚያ ያንን ሲኒ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ኋላ ያንሸራትተዋል። ሆጃው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል፤ እናቴም ሲኒዋን ትለምናለች።

ሉቻኖ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አሥመራ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር፤ ያደገውም በእናቱ እጅ ነው። ክልስ መሆን በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ሐበሻውም ጣሊያኑም የእኔ ነው አይልም። እጁ የመካኒክ እጅ ነበር። ይህን ሰው ነው ኢትዮጵያ የብሔራዊ ቡድኗን አምበልነት የሰጠችው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። ተጋጣሚያችን ግብፅ ናት፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ሁለት ጊዜ መሩን፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባቸው፤ ሁለተኛውን ያገባው፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር፣ መንግሥቱ ወርቁ ነው። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ አራተኛውን አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ሉቻኖ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያ ላይ አግብቷል፤ በፍጻሜው ግን ከአራቱ አንዱም የእሱ አይደለም። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው ግን አምበሉ እሱ ነው። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይሰበር ነበር። እኔም አሁን ስጽፈው እንዲሁ ያደርገኛል።

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ነው፤ ባልቲሞር አካባቢ ይሠራል። አንድ ጊዜ በስልክ የአሜሪካን ፉትቦል አሳየኝ። ትከሻቸው የሰፋ ሰዎች ግንባር ለግንባር ገጥመው ይገፋፋሉ፤ እኔን የሳበኝ ግን ከእነሱ ኋላ ቆሞ የተጋጣሚውን ዓይን የሚያነበው፣ በእጁ ምልክት ጓደኞቹን የሚያዘዋውረው፣ ኳስ የያዘውን ሮጦ የሚጥለው ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ላይንባከር ይባላል» አለኝ። የከተማቸው ጀግና ሬይ ሉዊስ በዚያ ቦታ ከ1996 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. 17 የውድድር ዘመን ለአንድ ክለብ ብቻ፣ ለሬቨንስ፣ ተጫውቷል፤ ስታዲየሙ ደጃፍም ሐውልት ቆሞለታል። «እኛም አለን» አልኩት። «የት?» አለኝ። ሐውልት ማለቱ ነበር።

ድሬዳዋ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ ይፈልጋል፤ የሉቻኖን ሐውልት አላየሁም። እሱ ብሔራዊ ቡድኑን ካሠለጠነ በኋላ፣ በደርግ ዘመን፣ በጅቡቲ በኩል አገር ጥሎ ጣሊያን ገባ። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ለልጆች የኳስ ትምህርት ቤት ከፍቶ አስተማረ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን አረፈ፤ 87 ዓመቱ ነበር።

አጎቴ ከእሱ በፊት ነው የሞተው። ከቀብሩ መልስ ሴቶቹ ዕቃውን ሲያጥቡ አንዷ ጆሮው የተሸረፈውን ሲኒ ልትጥል ስታነሣ እናቴ ከእጇ ተቀበለቻት። ዛሬም ረከቦቱ ላይ አለ። ሆጃ ሲቀዳ ለእኔ የሚደርሰኝ እሱ ነው።