ደርቆ የሚነቃ የደም ሕዋስ

ደም የሚያረጉት፣ ፕላትሌት የሚባሉት ሕዋሳት ጠባያቸው አስቸጋሪ ነው። ፍሪጅ ከገቡ ቅርጻቸው ይለወጣል፤ ስለዚህ በክፍል ሙቀት ይቀመጣሉ፣ አምስት ቀን ገደማ ካለፋቸውም ይጣላሉ። በወሊድ ብዙ ደም ለሚፈሳት እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን አይደርቁም? ማድረቅማ እኛም እናውቃለን፤ ቋንጣውም ድርቆሹም የእጃችን ሥራ ነው። ግን ድርቆሽ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል እንጂ ነፍስ አይዘራም። ሕዋስ ተመልሶ መሥራት አለበት።

መንገዱን የከፈቱት አሜሪካ ውስጥ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ይሠሩ የነበሩት ባልና ሚስት ጆንና ሎይስ ክሮው ናቸው። ደርቀው ቆይተው ውሃ ሲያገኙ የሚነቁ ጥቃቅን ትሎችን ያጠኑ ነበር። ትሬሃሎዝ የተባለ ስኳር ውሃው ሲለቅ የሕዋሱን ሽፋን ከመፍረስ እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተሙ። የሰው ሕዋስ ግን ይህን ስኳር እንዲሁ አያስገባም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና መምህር የነበሩት ፈርን ታብሊን (አዎ፣ የእንስሳት!) ከጆን ክሮውና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ፕላትሌቶቹን በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰውነት ሙቀት፣ ስኳር ባለበት ውሃ ውስጥ አቆዩአቸው። ሕዋሳቱ ራሳቸው ስኳሩን ዋጡት! ከዚያ በረዶ አድርገው፣ አየር በሌለበት ዕቃ በረዶውን አተነኑት። በ2001 ባወጡት ውጤት ውሃ ሲጨመር 85 በመቶው ተርፎ፣ ደም የሚያረጋ ነገር ሲነካው ከትኩሱ ብዙም ሳይለይ ሠራ።

ይህ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፤ በሰው ደም ሥር መዘዋወር ሌላ ፈተና ነው። ከተሳካ ግን ፕላትሌት ከደም ባንክ በራቀ ጤና ጣቢያም መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።