ወደ ከፋ ሊመጣ የነበረው የምድር ባቡርና ሥራው

ባለፈው ዓመት መምህራችን «ትምህርታችሁን ስትፈጽሙ ምን ለመሆን ታስባላችሁ?» ብለው እያንዳንዳችንን ጠየቁን። አንዱ ሐኪም፤ ሌላው መምህር፤ ሌላዋም የእርሻ ባለሙያ እያሉ ሲመልሱ ተራው ደረሰኝና «የምድር ባቡር ሠራተኛ» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንድ ጓደኛዬማ «በቦንጋ ሐዲድ የት አለና!» አለኝ። አፍሬ ተቀመጥሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የባቡሩን ታሪክ እየፈለግሁ ሳነብ የከፋን ስም በመጀመሪያው ውል ላይ አገኘሁት። ስለዚህ ትምህርት ቤታችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ያገኘሁትን በአጭሩ ለማካፈል እወዳለሁ።

ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር መሥሪያ ፈቃድ ሰጡ። የፈቃዱ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን መንገዱ በሦስት ተከፍሎ ነበር። ይኸውም አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፤ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፤ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ነው። በዚያን ጊዜ ከፋ የራሱ ንጉሥ ያለው መንግሥት ነበር። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ ከምኒልክ ግዛት ጋር የተቀላቀለው ከዚያ በኋላ በ1889 ዓ.ም. በተከፈተው ዘመቻ ነው። እንግዲህ የከፋ ሐዲድ የታሰበው ከፋ ገና ሳይያዝ ነበር ማለት ነው። የከፋ ቡና፤ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በነጋዴ ዘንድ የታወቀ ስለ ነበረ ይህ አያስደንቅም።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ነገር ግን ሐረር ከተራራ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች ወደዚያ መውጣት ብዙ ድካምና ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ከግርጌው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳ ላይም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ወደቀና ሌላ ኩባንያ ተተካ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመንገዱ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር።

ታዲያ ሦስተኛው ክፍል ወዴት ደረሰ? በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፤ ፈረንሳይና ኢጣልያ ለንደን ላይ ስለ አገራችን ተዋዋሉ። በዚያም ውል ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚሠራው ሐዲድ የውጭ እርዳታ ቢያስፈልገው በእንግሊዝ በኩል እንዲሆን ተስማሙ። እንግሊዞች ግን አልሠሩትም። የከፋም ቡና በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ጀርባ፤ በኋላም በካሚዮን ጊቤን እየተሻገረ መጓዝ ቀጠለ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው የአገሪቱ የባቡር እቅድም ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ዲማ የሚሄድ መስመር ተጽፎ ነበር፤ እርሱም አልተሠራም። እንግዲህ ጓደኛዬ የሳቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ባለበት አገር ወደ ሥራው የገቡት እንዴት ነው ብለን እንጠይቅ። የቀድሞው ኩባንያ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበረ ቋንቋውን የተማረ ወጣት ለጽሕፈት፤ ለቴሌግራፍና ለጣቢያ ሥራ ይፈለግ ነበር። እጁ ለብረት ሥራ የተመቸው ደግሞ በድሬዳዋ ወርክሾፕ ከባለሙያ ሥር ሆኖ ይማራል። በእንፋሎቱ ዘመን ባቡር ነጂነት የሚጀመረው እሳት ከማንደድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ውል ኢትዮጵያ የኩባንያውን እኩሌታ ያዘች።

የዛሬው ሥራ ሌላ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ሲሆን የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ሲጀምር የሚያንቀሳቅሱት ቻይናውያን ነበሩ። የእኛና የጅቡቲ ልጆች ከእነርሱ ሥር ሆነው ከተማሩ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ሥራውን ተረከቡ። ድሮ በድሬዳዋ ከባለሙያ ሥር እንደ ተማሩት ሁሉ እነዚህም እንዲሁ ተማሩ።

ስለዚህ ይህን ሥራ የሚመኝ ተማሪ ከሁሉ በፊት ሒሳብ፤ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ጠንቅቆ ይማር። ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ፤ በመካኒክ ወይም በሲቪል ምህንድስና፤ አለዚያም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መግባት ይችላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም የባቡር ምህንድስና በከፍተኛ ደረጃ ይሰጣል። ነጂ ለመሆን የሚሻ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚለይ ጤናማ ዓይን ያስፈልገዋል፤ ከመጠጥ መራቅና ሰዓት ማክበርም ግዴታው ነው። የሁሉም ሥራ ግን መንዳት አይደለም፤ ሐዲድ የሚጠግን፤ ምልክት የሚቆጣጠር፤ ጭነት የሚመዘግብና ሒሳብ የሚይዝ ሁሉ የባቡር ሠራተኛ ነው።

አባቴ ይህን ሐሳቤን በሰሙ ጊዜ «ቡናውን ለማን ትተህ ልትሄድ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከጓደኞቼ ሳቅ ይልቅ ከበደኝ፤ ብዙ ቀንም አሰብሁበት። በመጨረሻ የመለስሁላቸው እንዲህ ብዬ ነው፤ «አባባ፤ ቡናው ከእርሶ እጅ ወጥቶ ወደ ባሕር ሲሄድ በመንገዱ ላይ ከእኛ አገር የሆነ ሰው ቢኖር ምን ይከፋል?» አባቴም ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያውስ ሒሳብህን አጥና» አሉኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐዲዱ ያን ያህል መንገድ ወደ እኛ ለመምጣት ከ130 ዓመት በላይ ዘግይቷል። እኛ ግን በአውቶቡስ አንድ ቀን ተጉዘን ልንደርስበት እንችላለን። አንድ ቀን ሥራው ወደ ከፋ የመጣ እንደ ሆነም ሙያውን የሚያውቅ የአገር ልጅ ቆሞ ሊቀበለው ይገባል።