ትንሿ ላፕቶፕና የጠፋው ፊደል

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት አሮጌ ትንሽ ላፕቶፕ ነው። ርዕሱ ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስለ ፊደላችን፣ ስለ ማዕቀብና ስለ ስደት የሚናገር ረዘም ያለ ታሪክ አለው። (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ላፕቶፗ በትምህርት ቤታችን ቢሮ፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ነበረች። ስክሪኗ ከደብተር አይበልጥም። ስትከፈት ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው የሚመጣው፤ እስክትነሳ ድረስ ቡናው ተፈልቶ አቦል ይጠጣል። ፍላሽ የሰካባት ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይሄዳል። ታዲያ አንድ ቀን ራኩባው ሥር ተቀምጠን ስንማከር «ፎርማት እናድርጋትና አዲስ ሲስተም እንጫንባት» ተባለ። ሁላችንም ተስማማን። አንዲት መምህርት ብቻ «ቆይ እስቲ፣ የልጆቹ ውጤት እኮ እዚያ ውስጥ ነው» አለች።

ምን ችግር አለው ብለን ፋይሎቹን በፍላሽ ገልብጠን በሌላ ኮምፒውተር ከፈትናቸው። የስምንተኛ ክፍል የውጤት ዝርዝር ወጣ። ቁጥሮቹ ደህና ናቸው። በስም ቦታ ግን የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት ተደበላልቆ ተሰልፏል። ውጤት አለ፣ ባለቤት የለውም። እንግዲህ መምህርቷ ባትናገር ኖሮ የስንቱን ልጅ የዓመት ልፋት በገዛ እጃችን ልናጠፋው ነበር።

ፊደላችን ወደ ኮምፒውተር እንዴት ገባ?

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝኛው «ኤ» ለኮምፒውተሩ 65 ቁጥር ነው። በ1980ዎቹ እንደ ኢንጂነር ፍስሐ አጥላው ያሉ ኢትዮጵያውያን የግዕዝን ፊደል በኮምፒውተር ለመጻፍ ሲነሱ ለፊደላችን የተመደበ ቁጥር አልነበረም። ስለዚህ የተገኘው መላ የላቲኑን ቦታ መዋስ ነበር። ኮምፒውተሩ 65 ብሎ ያስቀምጣል፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ይሥላል።

ሌላም ችግር ነበር። የእኛ ዋናው ፊደል 33 ጊዜ 7፣ ማለትም 231 ነው፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይጨመር። የያኔው አሠራር ደግሞ በአንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ አይሰጥም፤ ከዚያም ላይ ብዙው የተያዘ ነው። በመሆኑም አንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያ ለየብቻ ቆራርጦ ገጣጠመው። አዲስ አበባ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የተለመዱት ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው። ሰው በእነሱ ብዙ ሠርቷል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነበውም ነበር። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉም የለም።

መፍትሔው የመጣው በሴፕቴምበር 1999 ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ የቁጥር መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» 4608 ናት፤ አዲስ አበባም፣ ገዳሪፍም፣ ቶኪዮም ያው 4608 ናት። ሆኖም መዝገቡ ጸደቀ ማለት ሰው ወዲያው ተጠቀመበት ማለት አይደለም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የእኛን ፊደል ይዞ አልመጣም፤ ዊንዶውስ ናያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው በ2007፣ በቪስታ ጊዜ ነው። በመሆኑም ኤክስፒ ላይ የሚሠራ መምህር በአሮጌዎቹ ፎንቶች መጻፉን ቀጠለ። የእኛም የውጤት ዝርዝር የተጻፈው እንደዚያ ነው።

ትንንሾቹ ላፕቶፖች

በ2005 መጀመሪያ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ለድሃ አገር ልጆች በ100 ዶላር ላፕቶፕ እናድርስ ብሎ ተነሳ። ፕሮጀክቱ «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» ይባል ነበር። ማሽኗ ተሠርታ ስትወጣ ዋጋዋ ወደ 200 ዶላር ተጠጋ። በ2008 በሺዎች የሚቆጠሩት ኢትዮጵያ ገብተው ለተማሪዎች ታደሉ፤ የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶላት ነበር። ልጆቹ ወደዷት። መምህራኑ ግን ከትምህርቱ ጋር እንዴት እንደሚያዋህዷት በቂ ሥልጠና አላገኙም። በዚህም ምክንያት ክፍል ውስጥ መርጃ ከመሆን ይልቅ የልጆቹን ሐሳብ የምትሰርቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። ዕቃ ብቻውን ትምህርት አይሆንም።

ነጋዴዎቹ ግን ሰው ትንሽና ርካሽ ላፕቶፕ እንደሚፈልግ ገባቸው። በ2007 መጨረሻ የታይዋኑ አሱስ ባለ 7 ኢንች ስክሪን ላፕቶፕ አወጣ፤ ሚሞሪው 512 ሜጋባይት፣ የፋይል ማስቀመጫው 4 ጊጋባይት ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ላፕቶፗ ስትወለድ የተጫነባት ሊኑክስ እንጂ ዊንዶውስ አልነበረም። ቪስታ ለእንዲህ ያለ ደካማ ማሽን ከባድ ነበረ። ማይክሮሶፍት ገበያው ሲያመልጠው ጊዜ በ2008 ሽያጩ ሊያቆም የነበረውን ኤክስፒን ለትንንሾቹ ላፕቶፖች ብቻ እስከ 2010 አራዘመው። የእኛም ላፕቶፕ ከዚያ ዘመን ናት። አዲስ ሆና ስትሸጥ እንኳ ያረጀ ሲስተም ነበር የተሸከመችው።

ኤክስፒ በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ከፋብሪካው ጥገና ወጣ። ከዚያ ወዲህ የተገኘበትን ቀዳዳ ሁሉ በየጊዜው የሚደፍንለት የለም። በሩ ክፍት ሆኖ የሚያድር ቤት ማለት ነው።

የማዕቀቡ ግድግዳ

«ታዲያ ለምን ቶሎ አልተቀየረችም?» ትሉ ይሆናል። አሜሪካ በኖቬምበር 1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። ማዕቀቡ ኮምፒውተር ክፍል ድረስ ገባ። ከሱዳን ሆኖ ሶፍትዌር ማውረድ በብዙ ቦታ ተከለከለ። ነፃ ሶፍትዌር የሚከማችበት ሶርስፎርጅ እንኳ በጃንዋሪ 2010 ለሱዳን፣ ለኢራን፣ ለሶርያ፣ ለኩባና ለሰሜን ኮርያ በሩን ዘጋ። ነፃ የተባለው ነገር ለእኛ ሰፈር ነፃ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 2015 ለግል መገናኛ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ተፈቀዱ፤ ሰፊው የንግድ ማዕቀብ የተነሳው በኦክቶበር 2017 ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት የሱዳን ኮምፒውተር የኖረው ከእጅ ወደ እጅ በተገለበጠ ሲዲ ነበር።

ማዕቀቡ ተነሳ ሲባል ሌላው መጣ። በኖቬምበር 2020 ከትግራይ የተሰደደው ሕዝብ በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ሲገባ፣ በ1980ዎቹ ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለው የኡም ራኩባ ካምፕ እንደገና ተከፈተ፤ በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ቱናይድባህ ተጨመረ። በኤፕሪል 2023 የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ገዳሪፍ ራሷ የተፈናቃይ ማረፊያ ሆነች። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት በአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ተቋረጠ። ከዚህ የምንማረው አለ፤ እዚህ አካባቢ መጫኛውን በፍላሽ ያልያዘ ሰው ኔት ሲመጣ አወርዳለሁ ብሎ መተማመን የለበትም።

ምን አደረግን?

ወደ ላፕቶፗ ልመለስ። መጀመሪያ ሲስተሙን ሳንነካ አሮጌውን ፎንት ከዊንዶውሱ የፎንት ፎልደር ገልብጠን በፍላሽ አስቀመጥን። ቁልፉ እሱ ነበር። ቀጥለን እያንዳንዱን ፋይል ፎንቱ ባለበት ከፍተን በኦፐን ኦፊስ ወደ ፒዲኤፍ ቀየርነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ የትም ይነበባል። ከዚያ ስሞቹን በዩኒኮድ እንደገና ጻፍናቸው። አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል፣ መምህርቷ ታስተካክላለች። ሶላሩ እስኪዳከም ድረስ እየሠራን አራት ምሽት ፈጀብን። ከተነበቡት ስሞች መካከል ወደ ሌላ አገር የተሻገሩ፣ በባሕር የቀሩ፣ አሁንም እዚሁ ያሉ ነበሩበት። አንባቢው ልጅ የታላቅ ወንድሙ ስም ሲደርስ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ውጤቱን አነበበ፤ 84። «ይህን ያህል ማምጣቱን አላውቅም ነበር» አለ።

ሲስተሙን መቀየሩ ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። የማሽኗ ፕሮሰሰር ባለ 32 ቢት ነው፤ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰርና ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ስለሚጠይቅ አይታሰብም። ሊኑክስም ቢሆን ለአሮጌው እየጠበበ ነው፤ ደቢያን በኦገስት 2025 ያወጣው 13ኛው እትም ለባለ 32 ቢት ማሽን መጫኛ የለውም። እኛ በ12ኛው ላይ የተመሠረተውን አንቲኤክስ የተባለ ቀላል ሊኑክስ መረጥን። መጀመሪያ ሳንጭነው ከፍላሽ አስነስተን ሞከርነው፤ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ዋይፋዩ መሥራታቸውን አየን፤ ከዚያ ጫንነው። የአማርኛ ፎንትና መጻፊያ ጨመርንበት። ላፕቶፗ ወጣት አልሆነችም፤ ኢንተርኔት ላይ ታዘግማለች። ለጽሑፍ፣ ለውጤት መመዝገቢያና ለንባብ ግን በቂ ናት።

ወገኖቼ፣ ዊንዶውስ 10ም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ከመደበኛ ጥገና ወጥቷል። በየትምህርት ቤቱ ብዙ ማሽን «አሮጌ» ሊባል ነው፤ ፎርማት የሚያደርግ እጅም አይጠፋም። ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከማጥፋታችሁ በፊት ፋይሉን ገልብጡ፣ የገለበጣችሁትንም በሌላ ማሽን ከፍታችሁ አንብቡ። መገልበጥ ብቻውን ማዳን አይደለም፤ እኛም ገልብጠን ነበር። ካምፕ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ሰውም ይበተናል። ልጁ ነገ የትም ደርሶ «ተምሬአለሁ» ሲል ማስረጃው ያቺ አንዲት መስመር ልትሆን ትችላለች።