ለኤልኢዲ መብራት ተስማሚ ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ

በአገራችን ለመኖሪያ ቤቶች የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሆነ ኤሲ ነው። ኤልኢዲ ግን የሚሠራው በዲሲ በመሆኑ በመካከል ኃይሉን የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህም በገበያ «ፓወር ሰፕላይ» ወይም «ድራይቨር» ይባላል። በተራው የኤልኢዲ አምፖል ውስጥ አብሮ የተሠራ ስለሆነ ተጠቃሚው ሊመርጠው አይገደድም፤ ምርጫው የሚመጣው ስትሪፕ ላይት ሲገጠም ወይም የኮርኒስ መብራት ድራይቨር ተበላሽቶ ሲለወጥ ነው።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው መሣሪያው ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው። አንደኛው ቮልቱን ቋሚ አድርጎ የሚሰጥ ሲሆን ለ12 እና ለ24 ቮልት ስትሪፕ ያገለግላል። ሁለተኛው አምፔሩን ቋሚ አድርጎ ቮልቱን እንደ መብራቱ የሚያስተካክል ነው፤ አብዛኛዎቹ የኮርኒስ ፓነሎች የሚሠሩት በዚህ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ቮልቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ከፍተኛ አምፔር ያለውን መግጠም ጉዳት የለውም፤ ስትሪፑ የሚወስደው የሚበቃውን ብቻ ነውና። በሁለተኛው ግን 300 ሚሊ አምፔር የሚፈልገውን ፓነል በ600 ሚሊ አምፔር ድራይቨር ማሠራት መብራቱን ያቃጥለዋል። ለጊዜው ደምቆ ስለሚበራ ገዢው የተሻለ ዕቃ ያገኘ ይመስለዋል። ስለሆነም ድራይቨር ሲለወጥ የአዲሱ ሚሊ አምፔር ከአሮጌው ጋር እኩል መሆኑን፣ የመብራቱ ቮልትም በአዲሱ ላይ በተጻፈው ክልል፣ ለምሳሌ ከ24 እስከ 42 ቮልት፣ ውስጥ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ለስትሪፕ የሚያስፈልገው ዋት በቀላሉ ይሰላል። በሜትር 14.4 ዋት የሚወስድ 5 ሜትር ስትሪፕ በድምሩ 72 ዋት፣ በ12 ቮልት ሲሠራም 6 አምፔር ይፈልጋል። በሙሉ አቅሙ የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ስለሚግልና ዕድሜው ስለሚያጥር ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ ባይጫንበት ይመረጣል። 72 ለ0.8 ሲካፈል 90 ዋት ስለሚሆን የ100 ዋቱን መግዛት ተገቢ ነው። ለረጅም መስመር 24 ቮልት የተሻለ ነው፤ ለተመሳሳይ ዋት አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ የስትሪፑ መጨረሻ አይደበዝዝም።

ለቀድሞው ሃሎጅን አምፖል የተገጠመ ትራንስፎርመር «12 ቮልት» ቢልም የብዙዎቹ ውጤት ኤሲ ስለሆነ ለስትሪፕ አይሆንም።

የብረት ቀፎ ያላቸው አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች በጎናቸው 110 እና 220 የሚል መምረጫ አላቸው። በ110 ላይ እንዳለ ከመስመራችን ጋር የተገናኘ መሣሪያ ወዲያው ይቃጠላል። የቮልት መዋዠቅ ባለበት አካባቢ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበለውን መምረጥ ይበጃል።

ለደጅ መብራት አይፒ 67 የተጻፈበት ያስፈልጋል፤ አይፒ 20 ለደረቅ የቤት ውስጥ ቦታ ብቻ ነው። መሣሪያው አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ ኮርኒስ ውስጥ በፎም ወይም በሌላ ተቀጣጣይ ነገር ተሸፍኖ መተው የእሳት አደጋ ያስከትላል። የብረት ቀፎ ያለው የኧርዝ ሽቦ ሊገናኝለት ይገባል፤ ገመድ ከመነካቱ በፊትም ብሬከሩ ይጥፋ።