እህሉ ለማን ደረሰ?



ስለ ሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእናቶቻችን ያልሰማን ጥቂት ነን። በተለይ ከወሎና ከትግራይ የመጣችሁ በደንብ ታውቁታላችሁ። የሚወራልን ግን ረሃቡ ነው፤ እህሉ እንዴት እንደታደለ ብዙም አይወራም። እኛም መረዳጃ ስላለን ይህንን ማወቅ ይጠቅመናል።

መጀመሪያ የ1965ቱን እንይ። በወሎ ሰው ሲራብ መንግሥት ነገሩን ሸፋፈነው። ገበሬው ከብቱን ሸጦ ሲያልቅበት ወደ አስፋልቱ ወረደ። መጠለያውም የተተከለው እዚያው በዋናው መንገድ ዳር ነበር። መራመድ የቻለ ደረሰ፤ አቅመ ደካማውና በሽተኛው መንደር ቀረ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ1966 ነው።

ይኸው ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ትልቅ ረሃብ እየመጣ መሆኑን ለለጋሽ አገሮች ተናግሮ ነበር። በቂ ምላሽ አላገኘም። በጥቅምት 1977 ቢቢሲ የኮረምን ሕዝብ በቴሌቪዥን ሲያሳይ ነው ዓለም የደነገጠውና እርዳታው የጎረፈው።

እህል ሲመጣስ? በመንግሥት በኩል ተረጂው የሚመዘገበው በአብዛኛው በገበሬ ማኅበሩ ነበር። ለሰፈራ የሚሄደውም ሰው የሚመለመለው በዚያው በኩል ነው። ወደ 600,000 ሰው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ብዙው ሳይወድ በግድ። ስለዚህ እየራበው እንኳ ወደ ዕደላው ጣቢያ መሄድ የፈራ ሰው ነበር። አማፂያን በያዙት አገር ላለው ሕዝብ ደግሞ እህሉ ከሱዳን በካሚዮን ይገባ ነበር፤ አውሮፕላን እንዳይመታው በሌሊት እየተነዳ።

እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። በሳጥናችን ገንዘብ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ዓርብ እረፍት የማታገኝ፣ ማዳሟ ስልኳን የያዘችባት እህት ስብሰባ ላይ አትመጣም፤ እንደዚያ መንደር እንደቀረው በሽተኛ ናት። ኢቃማ የሌላትም ስሟን ማስመዝገብ ብትፈራ እውነቷን ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር እንወስን፦ በየሕንፃው ያሉትን ጎረቤቶቻችንን ማን ይጠይቅልን? መዝገቡስ በማን እጅ ይቀመጥ፣ ማንስ እንዳያየው? መዋጮውን ስለ መጨመር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።