ኩርት ፍለድ ከፈለ፣ ሌሎች ተከፈላቸው

በዲሴምበር 2024 የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተወላጅ የሆነ ሁዋን ሶቶ የተባለ የቤዝቦል ተጫዋች ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር የ15 ዓመት ውል ፈረመ። የውሉ ዋጋ 765 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት 51 ሚሊዮን ይደርሰዋል። ዜናውን የሰማ ሁሉ “አንድ ሰው ኳስ በዱላ ስለመታ ይህን ያህል ይገባዋል ወይ?” ብሎ ጠየቀ። እኔ ደግሞ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ገንዘብ ድሮ ወደ ማን ኪስ ይገባ ነበር? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱን ለማግኘት ወደ 1879 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የናሽናል ሊግ ክለቦች ባለቤቶች እያንዳንዱ ክለብ አምስት ተጫዋቾችን ለራሱ እንዲያስቀርና ሌላው ክለብ እንዳይነካቸው ተስማሙ። ውሎ አድሮ ስምምነቱ “ሪዘርቭ ክሎዝ” የሚባል፣ ሁሉንም ተጫዋች የሚያስር የውል አንቀጽ ሆነ። ውሉ የሚፈረመው ለአንድ ዓመት ነው። ተጫዋቹ በሚቀጥለው ዓመት አልፈርምም ቢል ክለቡ በራሱ ሥልጣን ለአንድ ዓመት ያድሰዋል። ባለቤቶቹ ደግሞ እድሳቱ ራሱ እየታደሰ ይቀጥላል፣ ማብቂያ የለውም ይሉ ነበር። ክለቡ ተጫዋቹን መሸጥም፣ በሌላ መለወጥም፣ ማሰናበትም ይችላል። ተጫዋቹ ግን የተሰጠውን ተቀብሎ ይጫወታል፣ ካልሆነም ጓንቱን ሰቅሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በ1890 ተጫዋቾቹ የራሳቸውን ሊግ አቋቁመው ነበር፤ ከአንድ የውድድር ዘመን አላለፈም። በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቤዝቦል በግዛቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም ሲል ፈረደ፤ ስለዚህ የፀረ ሞኖፖል ሕጉ ሳይነካው ቀረ። የዘመኑ ኮከብ ቤብ ሩት በ1930 ያገኘው 80 ሺህ ዶላር ከፕሬዚዳንት ሁቨር ደመወዝ ይበልጥ እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። እውነት ነው፤ ግን ቤብ ሩት አንድ ነበር። በ1967 እንኳ የተጫዋቾቹ አማካይ የዓመት ደመወዝ 19 ሺህ፣ ዝቅተኛው ደግሞ 6 ሺህ ዶላር ነበር።

ኩርት ፍለድ ሂዩስተን ተወልዶ ኦክላንድ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1950ዎቹ በደቡብ ግዛቶች በታችኛው ሊግ ሲጫወት ከነጭ የቡድን ጓደኞቹ ጋር አንድ ምግብ ቤት መብላት፣ አንድ ሆቴል ማደር አይፈቀድለትም ነበር። ኋላ በሴንት ልዊስ ካርዲናልስ 12 ዓመት ተጫወተ። ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ሰባት ዓመት በተከታታይ በመከላከል ብቃቱ የወርቅ ጓንት ተሸለመ። በኦክቶበር 1969 ከክለቡ ቢሮ ስልክ ተደወለለት፤ ወደ ፊላደልፊያ በዝውውር ተሰጥተሃል ተባለ። የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቤቱ፣ ንግዱ፣ ወዳጆቹ ሴንት ልዊስ ናቸው። ደመወዙ 90 ሺህ ዶላር ስለነበር ዝም ብሎ ቢሄድ የሚጎድልበት ነገር አልነበረም። እሱ ግን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 24 ቀን ለሊጉ ኮሚሽነር ለቦዊ ኩን ደብዳቤ ጻፈ። እንደ ዕቃ የምሸጥና የምገዛ ሰው አይደለሁም፣ የሌሎችንም ክለቦች ጥያቄ የማየት መብት አለኝ አለ። ኮሚሽነሩ አልተቀበሉትም። በጃንዋሪ 1970 ክስ መሠረተ።

ከዚህ በፊት ማርቪን ሚለር ቀርበው አስጠንቅቀውት ነበር። ሚለር ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የመጡ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ናቸው፤ ከ1966 ጀምሮ የተጫዋቾቹን ማኅበር ይመሩ ነበር። ክሱን የማሸነፍ ዕድልህ ጠባብ ነው፤ ብታሸንፍም ለአንተ የሚደርስህ የለም፤ በአሠልጣኝነት እንኳ የሚቀጥርህ አይኖርም አሉት። ፍለድ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ተጫዋቾችና ከእኛ በኋላ የሚመጡትን ይጠቅማል? አዎ አሉት። ይበቃኛል አለ። በስፖርት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ውሳኔ አላውቅም፤ ስለ ደመወዝ ስንነጋገር ስሙ ሳይነሳ ሲቀር ያንገበግበኛል።

በችሎቱ ጃኪ ሮቢንሰንና ሃንክ ግሪንበርግ መጥተው መሰከሩለት፤ አንዱ በሃያኛው ክፍለ ዘመን በዋናው ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር፣ ሌላው በዘመኑ ስመ ጥሩ አይሁዳዊ ተጫዋች የነበሩ ናቸው። በወቅቱ በሜዳ ከነበሩት ተጫዋቾች ግን አንድም ሰው ፍርድ ቤት አልተገኘም። የማኅበሩ ተወካዮች በድምፅ ደግፈውታል፤ ባለቤቶቹ ፊት ከጎኑ ለመቀመጥ ግን ሁሉም ፈሩ። በጁን 1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደበት። ዳኞቹ ቤዝቦል ከሕጉ ውጪ መሆኑ ግራ የሚያጋባ መሆኑን አልካዱም፤ ማስተካከሉ የኮንግረስ ሥራ ነው ብለው ተዉት። ፍለድ በ1971 ለዋሽንግተን ሴናተርስ 13 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ አቋረጠና ወደ ስፔኗ ማዮርካ ደሴት ሄደ።

ፍርድ ቤት የዘጋውን በር ሚለር በሌላ በኩል ከፈቱት። በ1970 በተፈረመው የጋራ ስምምነት በክለብና በተጫዋች መካከል የሚነሳ ክርክር በገለልተኛ የግልግል ዳኛ እንዲታይ አስፈቅደው ነበር፤ ባለቤቶቹ የፈረሙት ነገር የት እንደሚያደርሳቸው ያስተዋሉ አይመስልም። በ1974 የኦክላንዱ ባለቤት ቻርሊ ፊንሊ ለውርወራው ኮከብ ለካትፊሽ ሃንተር በውሉ የተጠቀሰውን 50 ሺህ ዶላር ሳይከፍሉ ቀሩ። የግልግል ዳኛው ፒተር ሴይትዝ ውሉ ፈርሷል አሉ። ያኔ የክለብ ተወካዮች በሰሜን ካሮላይና ወደምትገኘው ትንሿ አሆስኪ ከተማ፣ ወደ ጠበቃው ቢሮ ጎረፉ። ኒው ዮርክ ያንኪስ ለአምስት ዓመት ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰደው። አንድ ተጫዋች በነፃ ገበያ ስንት እንደሚያወጣ ሁሉም ያን ጊዜ በዓይኑ አየ።

ዋናው ውሳኔ በሚቀጥለው ዓመት መጣ። አንዲ መሰርስሚዝና ዴቭ መክናሊ የ1975ን ውድድር ያለ ፊርማ፣ ክለቦቹ በራሳቸው ባደሱት ውል ጀመሩ፤ አንዳቸውም አዲስ ውል አልፈረሙም። ዲሴምበር 23 ቀን ሴይትዝ አንድ ዓመት ማለት አንድ ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ ነፃ ነው ብለው ወሰኑ። ባለቤቶቹ ሴይትዝን ወዲያው አሰናበቱ፤ ወደ ፍርድ ቤት ሄደውም ተረቱ። የአውሮፓ እግር ኳስ ተጫዋቾች ውላቸው ሲያልቅ በነፃ የመዛወር መብት ያገኙት በዲሴምበር 1995፣ ቦስማን የተባለ ተጫዋች ባቀረበው ክስ ነው፤ ልክ ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቦስማንም እንደ ፍለድ ከትግሉ ብዙም አልበላም።

ቀጥሎ ሚለር ያደረጉት ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ከድሉ እኩል የሚመዘን ነው። ፊንሊ ለባለቤት ጓደኞቻቸው፣ ሁሉንም ተጫዋቾች በየዓመቱ ነፃ እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። የቀሩት ባለቤቶች ደንግጠው ጣሉት። ሚለር የፈሩት ግን ይህንኑ ሐሳብ ነበር። ገበያው በመቶዎች በሚቆጠሩ ተጫዋቾች ቢጥለቀለቅ ዋጋቸው ይወድቃል፤ ጥቂቶች ብቻ ቢወጡ ክለቦቹ ይሻሙባቸዋል። ስለዚህ በ1976 ነፃነቱ ከስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ደመወዙን ያስፈነጠረው ይህ ነው። በ1976 አማካዩ 51 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ በ1980 ከ143 ሺህ በለጠ፤ በ1992 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ዛሬ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ባለቤቶቹ ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1981 ነፃነቱን ለማጥበብ ሲሞክሩ የተጫዋቾቹ አድማ ውድድሩን ለ50 ቀን አቋረጠ። ከ1985 በኋላ ባሉት ዓመታት ክለቦቹ ነፃ ተጫዋቾችን ላለመቅጠር በምስጢር አደሙ፤ ተይዘው 280 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈሉ። በ1994 በደመወዝ ጣሪያ ጸብ የዓመቱ ፍጻሜ ዋንጫ ሳይካሄድ ቀረ፤ ከ1904 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር።

ባለቤቶቹ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ሲሉ የኖሩት ከሰርን፣ ጠፋን ነው። የሽያጭ ዋጋው ግን ሌላ ይናገራል። ጆርጅ ስታይንብሬነርና ሸሪኮቻቸው በ1973 ያንኪስን የገዙት በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በ2025 ፎርብስ መጽሔት የክለቡን ዋጋ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። በ1993 በ173 ሚሊዮን የተገዛው ባልቲሞር ኦሪዮልስ በ2024 በ1.7 ቢሊዮን ገደማ ተሸጠ። ቶም ሂክስ ቴክሳስ ሬንጀርስን በ1998 በ250 ሚሊዮን ገዝተው ከሁለት ዓመት በኋላ ለአንድ ተጫዋች፣ ለአሌክስ ሮድሪጌዝ፣ የ252 ሚሊዮን ውል ሰጡ። የቴሌቪዥን ገቢና በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚሠሩ ስታዲየሞች ክለቦቹን ያደለቡት የተጫዋቹ ደመወዝ ሽቅብ እየወጣ ባለበት በዚያው ዘመን ነው። ነፃነት ያጠፋናል ያሉት ሰዎች በነፃነቱ ዘመን ቢሊየነር ሆኑ።

ሀብቱ ለሁሉም አልደረሰም። በታችኛው ሊግ ሲንግል ኤ በሚባለው እርከን የሚጫወት ወጣት እስከ 2022 ድረስ በዓመት 11 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር የሚያገኘው። ወደ 26 ሺህ ያደገው በ2023 ነው፤ ወጣቶቹ በማኅበር ከተደራጁ በኋላ። ፍለድ ያደገባት ኦክላንድም ክለቧን ከ2024 ውድድር በኋላ አጥታለች፤ ባለቤቱ ወደ ላስ ቬጋስ ሊወስደው ነው። ፍለድ ራሱ በ1997 በ59 ዓመቱ ሞተ። በዓመቱ ኮንግረስ ተጫዋቾቹን በፀረ ሞኖፖል ሕጉ ጥበቃ ሥር ያስገባውን ሕግ በስሙ ሰየመው። ሚለር ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገቡት ከሞቱ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ፍለድ እስካሁን አልገባም።

ዛሬ የሚሠራበት የጋራ ስምምነት የሚያበቃው ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው፤ የደመወዝ ጣሪያ ጥያቄም እንደገና ተነስቷል። ጣሪያ የሚጠይቁት እንደ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ያለው ሀብታም ክለብ ሌሎቹን ዋጠ ይላሉ፤ ዶጀርስ በ2024ም በ2025ም ዋንጫ ስለወሰደ ስጋቱን ከንቱ አልለውም። ሆኖም አክሲዮኑ በገበያ የሚሸጠው አትላንታ ብሬቭስ ሒሳቡን ሲያሳውቅ የአብዛኞቹ ክለቦች መዝገብ ለሕዝብ ዝግ ነው። የተጫዋቹ ደመወዝ እስከ መጨረሻዋ ዶላር በጋዜጣ ይወጣል። ባለቤቶቹ ጣሪያ ከመጠየቃቸው በፊት የራሳቸውን ገቢ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።